ድርና ማግ የሌለው ጨርቅ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በተሳፈርኩ ቁጥር፣ ከተማው ልንገባ ጥቂት ሲቀረን እግሬን ከመኪናው ወለል አነሣለሁ። ሰዎች ቤተ ክርስቲያኑን ሲያዩ ያማትባሉ። እኔም አማትባለሁ፤ ግን እያማተብኩ እግሬንም አነሣለሁ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ ቁርጥማት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ እማማ፣ ቁርጥማት ነው» አልኳቸው። ምን ልበል? ከአስፋልቱ ሥር፣ ከጠጠሩም በታች፣ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ከጨርቁ በታች ደግሞ ሳይነሡ የቀሩ ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ መካከል እናቴ ትኑር አትኑር አላውቅም ብላቸው፣ እስክንወርድ ድረስ ሲያጽናኑኝ ሊሄዱ ነው። መጽናናት ደግሞ ያናድደኛል።

እኔ ቢቸና ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አባቴ ሞጣ ውስጥ ሸማኔ ነበሩ። ለሰሚው ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ሙያ ይመስላል። አይደለም። አባቴ የኔን ሥራ ሥራ ብለውት አያውቁም። «አንቺ የሰው ጨርቅ ነው የምትቆርጪ። ጨርቅ የሚቆርጥ ሰው የሠራውን ሰው ድካም ምን ያውቀዋል?» ይሉኝ ነበር። ልጅ ሆኜ የሰፈር ልጆች ሸማኔ በሚሰደብበት ስድብ «የቁጢት በጣሽ ልጅ» ብለውኝ እያለቀስኩ ስመጣ፣ ከሽመና ጉድጓዳቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «መጀመሪያ የለበሱትን አውልቀው ይስደቡሻ!» ብለው መወርወሪያቸውን ይወረውራሉ። ማባበል የሚባል ነገር አያውቁም ነበር፤ እኔም ከሳቸው ነው የወረስኩት።

ጨርቅ ሲሰጧቸው ቀለሙን አያዩም። ጫፉን በጥፍራቸው ፈልቀቅ ያደርጉና አንዲት ክር ይመዛሉ። ክሯ ስትመጣ «ይኸው ድሩ» ይላሉ። ጨርቁን ያዞሩና በሌላው ጎን ሌላ ክር ይመዛሉ። «ይኸው ማጉ።» ከዚያ በኋላ ነው ስለ ጨርቁ የሚናገሩት። ማን እንደፈተለው፣ ጥጡ ከአባይ በረሃ ይሁን ከሱቅ፣ ሸማኔው ችኩል ይሁን ታጋሽ፣ ከሁለት ክር ተነሥተው ይነግሩናል። ስለ ሰው ሲያወሩ ግን እንዲህ አልነበሩም፤ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ተሳስተዋል።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ከቢቸና አንድ ቁራጭ ይዤላቸው ሄድኩ። ኮሌታ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከውስጥ በካውያ የምናጣብቀው ስስ ነጭ ገበር ነው። ሙያዬን ላስከብር ነበር ሐሳቤ። አባቴ እንደ ልማዳቸው ጫፉን በጥፍራቸው ያዙት። ክር አልመጣም። በሌላው ጎን ሞከሩ። ጥቂት ብናኝ ነገር ጣታቸው ላይ ቀረ።

«ድሩ የታለ?» አሉኝ።

«የለውም አባባ። ፋብሪካ ውስጥ ጭረቱን እንዲሁ በትነው፣ ተጭነው፣ በሙቀት ያጣብቁታል።»

«ሳይፈተል?»

«ሳይፈተል።»

«ሳይሸመን?»

«ሳይሸመን።»

ወደ ብርሃን ይዘው ብዙ አዩት። ከዚያ መለሱልኝና እጃቸውን ኩታቸው ላይ ጠረጉ። «እና ማን ሠራው ይባላል?» አሉ። ያን ቀን ሙያዬ ሳይከበር ቀረ።

እናቴ የሞተችው እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ሕመሟ አጭር ነበር። ከእሷ የማስታውሰው ፊቷን ሳይሆን እጇን ነው፤ እንዝርት ጭኗ ላይ ስታሾር መዳፏ የሚያሰማውን ድምፅ። እሷ ትፈትላለች፣ አባቴ ይሸምናሉ፤ ቤታችን ውስጥ ከዚያ ሌላ የፍቅር ቋንቋ ሲነገር አልሰማሁም። በሞተች ዕለት ለጥምቀት ብላ በፈተለችው፣ እሳቸው በሸመኑላት ኩታ ተገነዘች። አባቴ የኩታውን ዳር ዳር ድሩን ሁለት ሁለት አድርገው ደርበውት ነበር። የሳቸው ምልክት ነው፤ በሞጣ ገበያ እንደዚያ የሚያደርግ ሌላ ሸማኔ አልነበረም። የአንገቷን መስቀል ፈተው እኔ አንገት ላይ አሰሩት። ስለዚህ መቃብር የወረደችው በጨርቋ ብቻ ነው፤ ሌላ ምልክት አልነበራትም።

ኋላ መንገዱ መጣ። አሮጌው ጠጠር መንገድ ሰፍቶ አስፋልት ሊሆን ነው ተባለ፤ ሞጣም ቢቸናም ደስ አላቸው። እኔም ደስ ብሎኛል፤ በክረምት በዚያ ጭቃ የተጓዘ ሰው አስፋልት አይጠላም። ከማሽኖቹ ጋር የተጠቀለለ ምንጣፍ የሚመስል ወፍራም ነጭ ጨርቅ በመኪና ተጭኖ መጣ። ሠራተኞቹ ጂኦቴክስታይል ይሉታል፤ የእኛ ሰው የመንገድ ጨርቅ አለው። ጥቁሩ አፈር ክረምት ሲገባ ጭቃ ሆኖ ጠጠሩን እንዳይውጠው ከሥር ይነጠፋል። ውኃውን ያሳልፋል፣ አፈሩን ያግዳል። እሱም ያልተፈተለ፣ ያልተሸመነ ነው፤ ጭረቱን በመርፌ ብዛት ወግተው ነው እርስ በርስ ያያያዙት። የኔ የኮሌታ ገበር ታላቅ ወንድም መሆኑን ገና ስዳስሰው አውቄዋለሁ።

ቁርጥራጩ ሜዳ ላይ ይወድቃል፤ ሰውም ያነሣል። አንዱ ከበቅሎው ኮርቻ ሥር አደረገው። ሌላው በርበሬ አሰጣበት። አንዷ የልጇን ፍራሽ አለበሰችበት፤ ልጁ ሲሸናበት ውኃው ስለሚያልፍ ፍራሹ ያው ይረጥባል ብላ ስታማርር ትዝ ይለኛል። አባቴ ይህን ሁሉ እየተጸየፉ ያዩ ነበር። «በቅሎዋን አዋረዷት» አሉ። የሥራው ፎርማን ቁራጭ ለሚለምኑት ሁሉ እየሳቀ «ውሰዱ፣ ልጅ ልጆቻችሁም አይጨርሱት፤ አፈር ውስጥ አይበሰብስም» ይል ነበር። አባቴ ይህን ሲሰሙ አጠገባቸው ነበርኩ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ ለሕዝቡ ተናገሩ። መንገዱ ሲሰፋ ከቅጥሩ ውጭ ያለውን የጥንቱን መቃብር ይነካል፤ ዘመድ ያለው ሁሉ አጽሙን ያንሣ፣ በቅጥሩ ውስጥ ቦታ ይሰጠዋል አሉ። ሰዉ ተንጫጫ። ግማሹ መቃብር ላይ ምልክት የለም፤ ያለውም ድንጋይ ነው፣ ድንጋዩን ከብት ገፍቶታል፣ ሰው አንሥቶታል። የእናቴ ምልክት አንዲት ወይራ ነበረች፤ እሷም ተቆርጣለች። እኔ ጭንቅ ገባኝ። አባቴ ግን ምንም አልመሰላቸው።

«ጨርቄን አውቀው የለም እንዴ?» አሉኝ። «ዳሩን ባየው ይበቃኛል።»

ይህ የሳቸው ስሕተት ነው፤ ሌላ ሰው አይሳሳተውም። ሌላው ሰው ጨርቅ እንደሚበሰብስ ያውቃል። አባቴም ስለ ሌላው ሸማኔ ጨርቅ ያውቁ ነበር። የራሳቸው፣ እሷ የፈተለችው፣ ዳሩ የተደረበው ጨርቅ ግን ይበሰብሳል ብለው አስበው አያውቁም።

በጠዋት ሄድን፤ አባቴ፣ የንስሐ አባታችን፣ ሁለት ቆፋሪዎችና እኔ። ወይራዋ ነበረች ባልንበት ቦታ ቆፈሩ። አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ነበር። አጥንት ሲገኝ ቆፋሪዎቹ ዶማውን ትተው በእጃቸው ጠረጉ። የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ጎን ለጎን፣ ምናልባትም አንዱ ባንዱ ላይ፣ የሁለት ሰው ነበር፤ ከወዲያ ደግሞ ሌላ ይታያል። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው ተንበረከኩ። አጥንቱን አላዩትም። አፈሩን ነው ያዩት። እፍኝ ያነሣሉ፣ በጣታቸው መካከል ያሻሉ፣ በጥፍራቸው ፈልቀቅ ያደርጋሉ፣ ይጥሉታል፤ ሌላ እፍኝ ያነሣሉ። ክር ሲፈልጉ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። አንዲት ክር አልነበረችም።

የንስሐ አባታችን ከላይ ሆነው በቀስታ «እሷ ናት?» ብለው ጠየቁ።

አባቴ ቀና ብለው አዩዋቸው። አፋቸው አፈር ነክቶት ነበር።

«እንጃ» አሉ።

ያቺ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤታችን አልወጣችም። ሰው ዐርባ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ዐውቆ ሚስቱን እንጃ ሲል፣ ሌላው ሰው ምን ይላል? ቄሱ ጥቂት ጸልየው፣ ለወይራዋ ሥር ይበልጥ የሚቀርበውን አጽም አንሡ አሉ። ያ ተነሣ። የቀረውን ዘመዱ ነኝ የሚል አልመጣም። በሚቀጥለው ሳምንት ነጭ ጨርቁ ተዘረጋበት፣ ጠጠር ተደፋበት፣ ማሽን ሄደበት። የኔ እግር የሚነሣው እዚያ ቦታ ላይ ነው።

አጽሙን ቤት አላስገባነውም፤ በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ደጀ ሰላም ውስጥ ተቀመጠ። አባቴ ከዚያ ሲመለሱ ቀጥ ብለው ወደ ፎርማኑ ሄዱ። እኔ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ።

«አይበሰብስም ብለሃል?» አሉት።

«አይበሰብስም አባባ።»

«ምለህ ትናገራለህ?»

ሰውየው ሳቅ ሊል ነበር፤ ፊታቸውን አየና ተወው። ማለ፤ ብዙ ቁራጭም ቆርጦ ሰጣቸው። አባቴ በቅሎዋን አዋረዷት ያሉትን ጨርቅ ታቅፈው መጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «ከረጢት አድርገሽ ስፊው» አሉኝ። «ሁለተኛ አላጣትም። ደግሞ ሌላ መንገድ ቢመጣ፣ ደግሞ ቢቆፍሩ፣ ይቺውና ብዬ እጄን የምዘረጋበት ይኑር።»

ክር ከቦርሳዬ ሳወጣ እጄን ያዙኝ። «የሱቅ ክር አይነካትም» አሉ። ሙዳይ ከፍተው የእናቴን ልቃቂት አወጡ፤ ከሞተች ጀምሮ ያልተነካ፣ የመጨረሻ ፈትሏ ነው። ጆንያ በሚሰፋበት ትልቅ መርፌ፣ ሁለት እጥፍ አድርጌ፣ የሽመና ጉድጓዳቸው አፋፍ ላይ ተቀምጬ ሰፋሁት። ጨርቁ ወፍራም ነው፤ መርፌው አልገባም ሲል ግንባሬ ላቡን ያወርደዋል። እንባ ነው እንዳይሉኝ ቶሎ ቶሎ እጠርጋለሁ። አባቴ ስፌቱን አንድ በአንድ ያዩ ነበር። ስጨርስ ሥራዬን ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገኑት። «ደግ ነው» አሉ፤ እንዲሁ፣ ሁለት ቃል።

የንስሐ አባታችን ከረጢቱን አይተው አልወደዱትም። ዳሰሱት፣ ጨመቁት፣ አሸተቱት። «አፈር የማያውቀው ጨርቅ ነው ይኼ» አሉ። ቢሆንም የአባቴን ፊት አዩና አልከለከሉም። ፍትሐት ተደርጎ በቅጥሩ ውስጥ፣ በስተሰሜን ባለው ጥግ ተቀበረ።

እናቴ ከሆነች በክብር ተቀመጠች። ካልሆነች ደግሞ የማናውቀውን ሰው አክብረን አስቀመጥን።

አባቴ ከዚያ በኋላ አልሸመኑም። «ክረምቱ ይውጣ» አሉ፤ ወጣ። «ጥጥ ተወደደ» አሉ። የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ዶሮ ገብታ እንቁላል ጣለች። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ አንድም ቀን አልረገጡትም፤ ገበያ ሲሄዱ ከጎኑ ባለው ሣር፣ ቦዩን ይዘው ነው የሚሄዱት። ሰዎች አረጁ አሉ። ያረጁ መስለው ነበር፤ ግን ሥራ ይዘው ነበር።

ያን ሥራ ያወቅሁት በአንድ የመስከረም ጉብኝቴ ነው። ከጓሮ፣ ከጌሾው ሥር፣ አጎንብሰው በመኮትኮቻ ሲቆፍሩ አገኘኋቸው። ድንች የሚያወጡ መስሎኝ ነበር። ያወጡት ጨርቅ ነው። የኔ የኮሌታ ገበር ቁራጭ። በኮሮና ጊዜ ሰዉ ሁሉ አፉ ላይ ያደረገው ሰማያዊ ማስክ። ልጄን ይዤ ስመጣ የጣልኩት ዳይፐር፣ ሆዱ ተቀዶ፣ የላዩ ስስ ጨርቅ ብቻ። ፌስታል ቀርቶ ሱቆች ዕቃ የሚሰጡበት ቀይ የጨርቅ ዘንቢል። ከያንዳንዱ አጠገብ ደግሞ የራሳቸውን ሸማ ብጣሽ አብረው ቀብረው ነበር። ድንጋይ ላይ አሰጧቸው። የሸማው ቦታ ባዶ ነበር፤ ወይም ጠቆር ያለ አፈር። ሌላው ሁሉ በውኃ ሲለቀለቅ ቀለሙ ተመለሰ።

«ያው ነው» አሉኝ፣ እንደ ሰላምታ። «አራተኛ ክረምቱ ነው፤ ያው ነው።»

ፈራሁ። አባቴን ፈርቻቸው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ፈራሁ። ቢቸና ተመልሼ ሱቄ ስገባ ዙሪያዬን ሁሉ ያ ጨርቅ ሆኖ ታየኝ። ኮሌታው ውስጥ አለ። ኮቱ ደረት ውስጥ አለ። ሙሽሮች ልብሳቸውን የሚሸፍኑበት እሱ ነው። የወር አበባ ሞዴሱ፣ የሕፃን መጥረጊያው፣ የሻዩ ከረጢት ሳይቀር። ሰው ከተወለደበት የጤና ጣቢያ አልጋ ጀምሮ እሱ ላይ እየተኛ፣ እሱን እየጣለ ይኖራል፤ እሱ ግን የትም አይሄድም። ደንበኛዬ የሠርግ ካባ ስትለካ «ምነው ፈዘዝሽ?» አለችኝ። አባቴ ጓሮ ውስጥ ልብስሽን ቀብረውታል ልላት ነበር።

አንድ ነገር ግን እሳቸውም አስተውለዋል፤ ፀሐይ ላይ የተንጠለጠለው ቀዩ ዘንቢል በአንድ በጋ እንደ ደረቀ ቅጠል ተፈረካክሶ ረገፈ። አፈር የማይነካውን ፀሐይ ያፈርሰዋል። «እሷ ፀሐይ የለባት» ብለው ይህን እንደ ምሥራች ነገሩኝ። ሌላ ያላስተዋሉት ነገር ነበር። ከሚቀብሩት ሁሉ ላይ ክር ያለበትን፣ የተሰፋውን ዳር፣ አስቀድመው ቆርጠው ይጥሉ ነበር። ጨርቁን ብቻ ነበር ማየት የሚፈልጉት። እኔም ልብስ ሰፊዋ፣ ስፌት እንጀራዬ የሆነው፣ አላስተዋልኩም።

በመጨረሻው ዓመት ሲደክሙ ለራሳቸው ጠየቁ። ፎርማኑ ከሰጣቸው ውስጥ አንድ ትልቅ ቁራጭ አስቀምጠው ኖሯል። «ሳጥን አልፈልግም፤ ሳጥን ምስጥ ይበላዋል። በዚህ አድርጋችሁ ከጎኗ አስቀምጡኝ። ቢቆፍሩ ሁለት ከረጢት ያገኛሉ፤ ትልቁ እኔ፣ ትንሿ እሷ።» ይህን ሲናገሩ ፊታቸው በርቶ ነበር። ለንስሐ አባታችን ሲነግሯቸው ተከራከሩ። «አፈር ነህ ተብሎ የለም እንዴ?» አሉ ቄሱ። «ነኝ። ግን የሚለየኝ አፈር ልሁን» አሉ አባቴ። በኋላ ውስጡ የፈትል ሸማ ይሁን፣ ውጭውን እንዳሻችሁ አድርጉ በሚል ተስማሙ። ሰፋሁላቸው። የእናቴ ልቃቂት አልቆ ስለነበር በጆንያ መስፊያ ናይለን ክር ሰፋሁት። በሕይወት እያሉ ለካሁት፤ ቁመታቸው ከማውቀው አጥሮ ነበር።

ያረፉት በሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ገና ሲጀምር ነው። ሰዉ ብዙ ነበር፤ አስፋልቱን ተከትሎ መጣ። ሸማ ለብሰው፣ በላዩ ነጩን ጨርቅ ተጎናጽፈው፣ አፉ እኔ በሰፋሁበት ናይለን ተዘግቶ ቃሬዛ ላይ ነበሩ። ነጭነቱ ዓይን ይወጋ ነበር። ሰው ሹክ ይባባል ነበር፤ እኔ ግድ አልነበረኝም። ቃላቸውን ልፈጽም ነበር የመጣሁት።

ቆፋሪዎቹ የእናቴን ቦታ ከጎን ሲከፍቱ ከረጢቷ ታየች። አላለቀችም። አፈር ለውሷታል እንጂ ያው ናት። ፎርማኑ እውነቱን ነው ብዬ አሰብኩ፤ አባቴ እውነታቸውን ነው። አንዱ ቆፋሪ ቦታ ሊያሰፋ ጫፏን ይዞ ቀና አደረጋት። ያን ጊዜ ጎኗ ተከፈተ። ስፌት አልነበረም። አንዲት ክር አልነበረችም። ጨርቁ እጁ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ውስጡ የነበረው ሁሉ ወደ ጥቁሩ አፈር ወረደ፣ ቀስ ብሎ፣ ያለ ድምፅ፣ ከአፈሩ ጋር አንድ እስኪሆን ድረስ። ቆፋሪው ደንግጦ «ኧረ በስመ አብ» አለ።

እኔ አልደነገጥኩም። በጣም ነበር የተናደድኩት፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። የበሰበሰው የእናቴ ፈትል ነው። ልትወጣ ፈልጋ በራሷ ክር የወጣች መሰለኝ። ዞር ብዬ አባቴን አየሁ፤ ናይለን የዘጋባቸው፣ አፈር የማያውቃቸው፣ ፀሐይ የማያገኛቸው። ከጎኗ ይተኛሉ፤ እሷ አፈር ናት፤ እሳቸው ደግሞ ዘላለም ከረጢት ውስጥ ሆነው አጠገቧ። ሊያጧት ፈርተው ያሰፉት ጨርቅ ነው የሚለያቸው።

«ውጭውን ፍቱት» አልኩ።

የአባቴ ጓደኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «የሟች ኑዛዜ እኮ ነው ልጄ!» አሉኝ።

«አውቃለሁ አባባ። እሷ ወጥታለች። እሳቸውን ዘግቼ አልሰዳቸውም።»

የንስሐ አባታችን ጉድጓዱን አዩ፣ ባዶውን ከረጢት አዩ፣ እኔን አዩ። «ልጃቸው ናት» አሉ። ለመፍታት ግን የሚፈታ አልነበረም፤ ናይለን ነው፣ ቋጠሮውን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። አንዱ ቆፋሪ ቢላዋ ሰጠኝ። ተንበርክኬ የራሴን ስፌት ከአንገታቸው እስከ እግራቸው ቆረጥኩት። አንቺ የሰው ጨርቅ ነው የምትቆርጪ ይሉኝ የነበረው ጆሮዬ ላይ ነበር፤ እየቆረጥኩ አለቀስኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ላብ ነው ሳልል። በሸማ ብቻ ሆነው ወረዱ። እንደ ወረዱ ዝናቡ መጣ።

ሁለቱ ጨርቆች ቢቸና እኔ ቤት ናቸው። አጥቤ አጥፌ ከስፌት መኪናዬ በታች ባለው መሳቢያ አስቀምጫቸዋለሁ። መጣል አልቻልኩም፤ ማቃጠልም አልቻልኩም። በየበጋው ጓሮ ገመድ ላይ ላሰጣቸው፣ ፀሐይ ይጨርሳቸው ብዬ አስባለሁ፤ እጄ እምቢ ይለኛል። አንዳንድ ቀን ኮሌታ ስሠራ፣ ካውያው ገበሩን ሲነካ የሚወጣው ሽታ አባቴን ከኋላዬ ያቆማቸዋል። ዞር አልልም። ያንን ከላያቸው ላይ ለምን እንደቆረጥኩ ሊጠይቁኝ የመጡ ይመስለኛል። መልሴን አሁንም እያዘጋጀሁ ነው።

እግሬንም ማንሣቴን አልተውኩም። እዚያ አስፋልት ሥር የቀረችው እሷ ብትሆንስ? አባቴ የተኙት ከማያውቋት ሴት ጋር ቢሆንስ? ይህን የሚነግረኝ የለም፤ ከሳቸውም በላይ እኔ ነኝ አሁን የምፈራው። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። መንገዱ እንደገና ቢሰፋ፣ እንደገና አጽም አንሡ ቢባልና ቄሱ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው «የቱ የአባትሽ፣ የቱ የእናትሽ ነው?» ቢሉኝ፣ እንጃ እላቸዋለሁ። አባቴን እስኪሞቱ ያሳደደቻቸውን ቃል እኔ ሳላፍር እላታለሁ። እንጃ፤ አንድ ላይ አንሡልኝ።